መምህሩ የት ነው የሚያድረው? ለገጠር ትምህርት ቤት ባለቤት አብያተ ክርስቲያናት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ በሲዳማ ገጠር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለምታስተዳድሩ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለሽማግሌዎች፣ ለልማት ክፍል ኃላፊዎችና ለትምህርት ቤት ቦርድ አባላት

ግልባጭ፦ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። የማንንም ስም አላነሳም። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው። ለገጠሩ ትምህርት ቤታችሁ ከሚቀጥለው የመማሪያ ክፍል በፊት የመምህራን ቤት ሥሩለት። መምህሩ ግቢው ውስጥ ይደር። ልጆቹ ከደወል በፊትም ከደወል በኋላም ይዩት።

እኔ ከይርጋለም ወዲያ ባለ ገጠር፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አሁን የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ወደዚያ አገር ግን እግሬ አልተቋረጠም። የእህቴ ልጆች እዚያ አካባቢ ይማራሉ፤ የድሮ ተማሪዎቼም አሁን ወላጆች ሆነዋል። የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሳስተምር የመምህራን ቤት ከክፍሎቹ ጀርባ ነበር። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ለእያንዳንዱ መምህር ሁለት ክፍል። ከጓሮው እንሰትና ጥቂት እግር ቡና ነበረ። ማታ ማታ ፋኖስ ስናበራ የቤት ሥራ ያቃተው ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እናት ልጇ ቢያተኩሰው የምታማክረው እኛን ነበር። ለቅሶ ስንቀመጥ አብረን፣ የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሲደርስም ከጎረቤት ጋር ነበርን። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ስለ ታማኝነት የነገርናቸውን ከክፍል ውጪ ይመዝኑት ነበር። መምህሩ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ይነጋገራል? ሚስቱን እንዴት ይይዛል? የሱቅ ዱቤውን ይከፍላል? መንደር ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም።

አንድ ነገር ላንሳ። የ4ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነው። መምህርቷ ወረቀቱን ታድላለች፣ ፈተናው የሚያልቅበትን ሰዓት ሰሌዳው ጥግ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፣ ከዚያ ትወጣለች። በሩ ክፍት ነው። ሦስትና አራት ልጅ በአንድ ዴስክ ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ አይን ወደ ጎን ለመላክ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። ልጆቹ ግን አይኮራረጁም። ጣታቸውን ይቆጥራሉ፣ እርሳስ ይነክሳሉ፣ ላጲስ ይዋዋሳሉ። አንዱ ጎረቤቱን ሹክ ሊለው ቢሞክር ከኋላ ያለችው ልጅ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። በቃ።

እነዚህ ልጆች ከሌላው አገር ልጅ የተለዩ ፍጥረቶች አይደሉም። መንደር ውስጥ እንደማንኛውም ልጅ ይዋሻሉ፣ ይጣላሉ፣ ሸንኮራ ሰርቀው ይበላሉ። ያቺን መምህርት ግን ያውቋታል። አንድ ቀን ባለሱቁ መልስ አብዝቶ ሰጥቷት እቤቷ ስትደርስ ቆጥራ በዝናብ ተመልሳ ሰጥታዋለች። ወሬው ሳይመሽ መንደሩን አዳረሰ። በሌላ ቀን የአንድ ልጅ ነጥብ በትክክል አልተደመረም ብላ ክፍሉ ፊት ቆማ አስተካክላዋለች። ልጁ የወረዳ ባለሥልጣን ልጅ ነበር፤ ነጥቡም የተስተካከለው ወደ ታች ነው። ልጆቹ ይህን ሁሉ አይተዋል። ስለዚህ ፈተና ሰጥታ ስትወጣ ያመነቻቸው ሰው ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ያንን እምነት ማጉደል ይከብዳቸዋል።

አሁን አገሪቱን እንመልከት። ኩረጃ 12ኛ ክፍል ድረስ ሥር ሰድዶ መንግሥት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን በ2015 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ እስከመፈተን ደረሰ። የኛው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ተፈታኞችን ከተቀበሉት አንዱ ነበር። ከየገጠሩ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው የመጡትን ልጆች ያላየ የሐዋሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ፈታኝ ከሌላ አካባቢ ማምጣትና በር ላይ መፈተሽ ኩረጃን ለዚያ ሳምንት ያስቆም ይሆናል። 18 ዓመት የደረሰን ልጅ ግን በፍተሻ ታማኝ ማድረግ አይቻልም። ያ ሥራ የ4ኛ ክፍል ሥራ ነው። የሚሠራውም ልጆቹ በቅርብ የሚያውቁት ሰው ነው።

እዚህ ላይ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ልዩነቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ ነው ብለው ያስባሉ። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። መደበኛው ክፍለ ጊዜ የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ቋንቋውም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል የሚሰጠው ግብረ ገብም ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ነው። ታዲያ የእናንተ ትምህርት ቤት ከጎረቤቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት በምን ይለያል? በአኗኗር ካልተለየ በምንም። እኔ በዚህ አልከፋም። እንዲያውም ትክክል ይመስለኛል። ክርስትናችን ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ በሰው ላይ መታየት አለበት፤ ሰውየው ደግሞ ልጆቹ የሚያዩት ቦታ መኖር አለበት።

ዛሬ ብዙ ቦታ የማየው ግን ሌላ ነው። መምህራኑ ሐዋሳ ያድራሉ። ጠዋት በሚኒባስ አስፋልቱ ድረስ፣ ከዚያ በሞተር ኮረኮንቹን ይዘው ይወጣሉ። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ጭቃ ይሆንና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይባክናል። 9 ሰዓት ሲሆን ደወል ይደወላል፤ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ግቢው ውስጥ ዘበኛው ብቻ ይቀራል። «ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው» የሚለው ምሳሌ 22፥6 በሚያምር ቀለም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የሚያነቡት ልጆች ያንን ጥቅስ ሲኖረው የሚያዩት ሰው ግን ሞተር ላይ ወጥቶ ሄዷል።

መምህራኑን አልወቅስም። እኔም እነሱን ብሆን ይህንኑ ባደረግሁ ነበር። መንደሩ ውስጥ የሚከራይ ቤት የለም፤ ቢገኝም የአንድ ገበሬ ጎተራ አጠገብ ያለች ክፍል ናት። ውኃ የለም። መብራት የለም። ልጅ ያለው መምህር ልጁን የሚያስተምረው የት ነው? ነፍሰ ጡር መምህርት ሌሊት ምጥ ቢመጣባት ማን ያደርሳታል? ደመወዙም ቢሆን ሲፈልግ ይዘገያል፤ ክረምት ላይ ጭራሽ የሚቆምበት ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ ደመወዝ ላይ የሚኒባስና የሞተር ሲነሳ የሚተርፈው ምንድን ነው? መንደር ኑር የምንለው ሰው መጀመሪያ የሚኖርበት ነገር ይፈልጋል።

የኖረ መምህር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ከተማ የምትኖሩ የቦርድ አባላት ይህን በሪፖርት አታገኙትም። ሲዳማ ውስጥ ቡና ሲደርስ ክፍል ይሳሳል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ገና ድረስ ልጆች ለቀማ ላይ ናቸው። ከከተማ የሚመላለስ መምህር መዝገቡ ላይ ቀሪ ብሎ ያልፋል። ብዙ ቀሪ ሲደመር ልጁ ያቋርጣል። እዚያው የሚያድር መምህር ግን ማታ ወደ ልጁ ቤት ይሄዳል። በርጩማ ይሰጠዋል፣ ቡና ይፈላል። አባትየውን አይቆጣም፤ ቡናው የዓመቱ ገንዘብ እንደሆነ ያውቃል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቀይ ቡና ዋጋ ያወራሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ልጁ ቅዳሜና ከሰዓት በኋላ ይልቀም፤ ጠዋት ግን ለኔ ይሁን» ይለዋል። አባትየው ያስባል፣ ይስማማል። አንዳንዴ አይስማማም፤ ያኔ በማግሥቱ ደግሞ ይሄዳል።

የሴቶቹ ልጆች ጉዳይ ከዚህም ይረቅቃል። እናት ስትወልድ ወይም ስትታመም እንሰት የሚፋቀው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ሕፃን የሚታዘለው በትልቋ ልጅ ነው። ልጅቷ የቀረችው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ይህን የምታውቀው ውኃ ጉድጓዱ ጋ ከልጅቷ ጋር የተገናኘች መምህርት ናት። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ አስታውሳለሁ፤ ክልላዊ ፈተናው ሲቃረብ መምጣት አቆመች። የጎረቤት ሴቶች ተነጋግረው የእናቷን እንሰት በየተራ እንዲፍቁላት ያደረገችው መምህርቷ ናት። ሌላውን ስለ መርዳት ልጆቹ የሰሙት የተሻለ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። ልጅቷም ፈተናውን ተቀመጠች።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አባቶቻችን የኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ሲማሩ የኔታ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ከመምህሩ ፊደልና ዳዊት ብቻ አልተማረም፤ አነጋገሩን፣ አበላሉን፣ ትዕግሥቱን ጭምር ነው የወሰደው። የወንጌላውያኑም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሚሲዮኖች ወደ ሲዳማ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ከጸሎት ቤቱ ጎን የማንበቢያ ክፍል ተከተለ፤ የሚያስተምረውም አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሰው የሆነ፣ ጠዋት ፊደል አስቆጥሮ ከሰዓት እርሻው ላይ የሚውል ወንጌላዊ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን «የምሥራች ድምፅ» በተባለው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻዋ ማንበብና መጻፍ ስታስፋፋም ትምህርቱ ገጠር የገባው በገጠሩ ሰው በኩል ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተወረሱ ወይም ተዘጉ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ስትከፍት ሕንጻው ተመልሷል። አብሮ መኖሩ ግን አብዛኛው ቦታ አልተመለሰም።

ስለ ቤት ሳወራ ሁለት ሦስት ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

አንደኛው ዱላ ነው። አርጩሜ አሁንም በየክፍሉ ጥግ ቆማለች፤ በክርስቲያን ትምህርት ቤትም ጭምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሕጉን ትተን እንኳ፣ ጠዋት «ጌታ ሕፃናትን ይወዳል» አስብለን አስዘምረን በ3ኛው ክፍለ ጊዜ መዳፋቸውን የምንገርፍ ከሆነ ልጁ የትኛውን ይመን? የሚመታ መምህርን ዝም ብላችሁ አትለፉ። ደግሞም ያየሁትን ልናገር፤ ከወላጅ ጋር በየቀኑ የሚገናኝ መምህር ብዙ አይማታም። ልጁ ለምን እንዳረፈደ ያውቃልና።

ሁለተኛው የሌላ እምነት ልጆች ናቸው። በየትምህርት ቤታችሁ የኦርቶዶክስ ልጆች አሉ፣ የሙስሊም ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው ልጆቻቸውን የሰጧችሁ አምነዋችሁ ነው። ምሳ የምታበሉ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ልጅ ወተት ያለበት ቅንጬ ፊቱ ተቀምጦ እንዳይሸማቀቅ አድርጉ፤ የጾም ምግብ ለሁሉም ማብሰል ይቻላል፣ ማንም አይጎዳም። በረመዳን የሚጾም ልጅ ስፖርት ላይ አታስሩጡት። የጠዋት ጸሎት ላይ መቆም የማይፈልገውን ልጅ አታስገድዱት፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምንም አይደለም። በእምነቱ ሳይነካ ተከብሮ የተማረ ልጅ ስለ ክርስቲያኖች የሚያወራው ነገር ከየትኛውም ስብከት ይበልጣል።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። በየዓመቱ እየጨመረ ሐዋሳ ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች ጋር እየተቀራረበ ነው። ገጠር ውስጥ ዩኒፎርምና ክፍያ የሚችለው ቡና ያለው ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ለመበለቲቱ ልጅ ከሆነ፣ እሷ መክፈል ስላልቻለች ልጇ በአጥር ሽንቁር እያየ መቅረት የለበትም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የምትሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ በስብሰባ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ለጋሾች ለመማሪያ ክፍል እንጂ ለመምህር ቤት ገንዘብ አይሰጡም» ትላላችሁ። ታዲያ ከለጋሽ ውጪ ያለውን እንጠቀም። ሐዋሳ ውስጥ ያሉት አጥቢያዎቻችን ለአዳራሽ፣ ለድምፅ መሣሪያ፣ ለአጥር ሲጠየቁ ሕዝቡ ከኪሱ ያወጣል። ጭቃ ቤት ከዚያ አይበልጥም። የመንደሩ ሰው ባሕር ዛፍ ይሰጣል፣ ጭቃ ይመርጋል፤ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ከከተማ የሚያስፈልገው ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ በርና መስኮት፣ አንድ የውኃ ታንከርና ለመብራት የምትሆን ትንሽ ሶላር ነው። ደህና ሽንት ቤትም አትርሱ፤ ሴት መምህራን የሚሸሹት አንዱ በዚህ ነው።

«ቤት ብንሠራም መምህራን አይቆዩም» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ አንዳንዱ አይቆይም። ስለዚህ የሚቆየውን ከመጀመሪያው ፈልጉ። ከትምህርት ቤታችሁ ጨርሰው የወጡ፣ መንደራቸውን የሚወዱ ወጣቶች አሉ። ከነሱ መካከል ማስተማር የሚፈልጉትን ሐዋሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንዲገቡ አግዟቸው፤ የትራንስፖርትና የቀለብ ቻሉላቸው፤ ሲመረቁ ደግሞ የሚመለሱበት ቤት ይጠብቃቸው። በእናት ቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ የሚያወሩ፣ በአማርኛም የሚግባቡ፣ የየትኛው ልጅ አያት ማን እንደሆነች የሚያውቁ መምህራን ይሆኑላችኋል። ለዝቅተኛ ክፍሎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የ1ኛ ክፍል ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል።

ደመወዙን ደግሞ በወሩ ክፈሉ፤ ክረምቱን ጨምሮ። ስለ ታማኝነት የሚያስተምርን ሰው የሠራበትን ማዘግየት ልክ አይደለም። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ክፍሎች ይቆጠራሉ፣ ቤተ መጻሕፍት ይታያል፣ ዕቅድና ሪፖርት ይገለበጣል፤ ከዚያ ደረጃ 1፣ 2፣ 3 ወይም 4 ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ያስፈልጋልም። እባካችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ከመምህራኑ ስንቱ በሰፈሩ ይኖራል? መልሱን ካወቃችሁ ስለ ቀሪ፣ ስለሚያቋርጡ ሴት ልጆች፣ ስለ ማርፈድ የምትጽፉት ሪፖርት ግማሹ ራሱ ይፈታላችኋል። የቤት መሥሪያ ቦታ ሲጠየቅም ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሳይንከራተት እንዲፈቀድ አግዙ።

ብዙዎቻችሁ ዓመታዊ በጀታችሁን የምታጸድቁት ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ስብሰባ ላይ የመምህራን ቤት የሚል አንድ መስመር አስገቡ። ሁሉንም ትምህርት ቤት በአንዴ ማድረስ አይቻልም፤ አንዱን ምረጡ፣ ከአስፋልት በጣም የራቀውን። የትኛው እንደሆነ የምትወስኑት ግን ሐዋሳ ተቀምጣችሁ አይሁን። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ እዚያው ሄደው ይደሩ። ጠዋት ከልጆቹ ጋር ውኃ ጉድጓዱ ድረስ ይውረዱ፣ ሰልፍ ላይ ይቁሙ፣ ከደወል በኋላም ግቢው ውስጥ ይቆዩ። ግንባታው መስከረም ጠባ ብሎ መሬቱ ሲደርቅ ይጀመር፤ በጥር የሚገባበት ቤት ይደርሳል።

እኔም የአንድ ክፍል ቆርቆሮ ለመስጠት ቃል እገባለሁ። የድሮ ተማሪዎቼንም አስተባብራለሁ፤ ከመካከላቸው አናጢ አለ፣ ግንበኛ አለ፣ ሐዋሳ ውስጥ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው አለ። ሥራው ሲጀመር ጥሩን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተን አብረን እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የገጠር መምህር
ሐዋሳ